ሎሚ በዕቃ ሊተክሉ ነው? ስለ አፈሩ ማወቅ ያለብዎ

በረንዳዬ ላይ የነበረችው ሎሚ የሞተችው በነሐሴ ነው። ከሐምሌ መጀመሪያ ጀምሮ ቅጠሏ ሲገረጣ ውሃ ያነሳት መስሎኝ ዝናቡ ባጠጣት ላይ እኔም እጨምርላት ነበር። ነቅዬ ሳያት ሥሮቿ ቡናማ ሆነዋል፤ ልጣቸው በጣት ሲነኩት እንደ ተቀቀለ ባቄላ ይሸለቀቃል፤ ሽታቸው የቆመ ውሃ ሽታ ነው። የተከልኳት በጥቁር አፈር ነበር። አፈሩ ለም መሆኑ እውነት ነው። የጎደለው አየር ነበር።

ስለዚህ አፈር ከመግዛትዎ በፊት መጀመሪያ የሚጠይቁት «ለም ነው ወይ?» ሳይሆን «ውሃ ከጠጣ በኋላ አየር ይቀርበታል ወይ?» ይሁን። ሥር ይተነፍሳል። የሎሚ፣ የብርቱካንና የመንደሪን ሥር ደግሞ ውሃ የቆመበትን አፈር ከማይችሉት ወገን ነው፤ አየር ሲያጣ ይዳከማል፣ ፋይቶፍቶራ የሚባለው ሥር አበስባሽ ተሕዋስም ያን ጊዜ ይበረታበታል። መረሬው ጥቁር አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ማሳ ላይ ጤፍና ሽምብራ ያበቅላል፤ በጀሪካን ቁራጭ ውስጥ ግን እንደ ጭቃ ግድግዳ ሥሩን ይጠቀጥቀዋል።

ቀለሙን ትተው የቅንጣቱን መጠን ይዩ። አዲስ አበባ ውስጥ በቀላሉ የሚገኘውና እኔ የምመርጠው ቀይ አሽ ነው፤ ለግንባታ የሚሸጠው ያ ቀዳዳ የበዛበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ። ከምስር እስከ ሽምብራ የሚያህለውን በወንፊት ይለዩ፣ ዱቄቱን አጥበው ይድፉት፤ ዱቄቱ ከቀረ ክፍተቱን መልሶ ይደፍነዋል። ብሎኬት የሚሠራበት ፑሚስም ይሆናል፣ ክብደቱም ይቀላል። ደቃቅ አሸዋ ግን «ያንጠፈጥፋል» ቢባልም በሸክላማ አፈር ላይ ሲጨመር ክፍተቶቹን ሞልቶ ያጠብቀዋል። ከግንባታ ቦታ የተረፈ አሸዋም ሲሚንቶ ወይም ኖራ ሊኖርበት ይችላል። ኖራ የአፈሩን ኮምጣጣነት ስለሚቀንስ ተክሉ ብረት መውሰድ ያቅተዋል፤ አዲሱ ቅጠል የደም ሥሩ አረንጓዴ ሆኖ መሐሉ ቢጫ ይሆናል። የምድጃ አመድም ያው ነው፣ አይጨምሩ።

እኔ አሁን የምጠቀመው ድብልቅ በጣሳ ሲሰፈር ሁለት እጅ ቀይ አሽ፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ ቀይ አፈር ነው። ኮምፖስቱን ሳይገዙ በእጅዎ ይፈሱና ያሽትቱት። ትኩስነት ከተሰማዎ ወይም የሽንት ሽታ ካለው ገና ነው፤ ያልበሰለ ፍግ ሥር ያቃጥላል። የበሰለው ዝናብ የነካው የጫካ መሬት ይሸታል።

ብዙ ሰው ከዕቃው ሥር ጠጠር ይደለድላል፤ እናቶቻችንም ያደርጉታል። ይህ አይጠቅምም፣ ምክንያቱንም በዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ማየት ይቻላል። ስፖንጁን ነክረው በጠፍጣፋው በእጅዎ ይያዙት፤ ጠብታው ሲቆም በቁመቱ ያቁሙት። እንደገና ይንጠባጠባል፣ ከታች ያለው ጫፍ ግን እንደረጠበ ይቀራል። አፈርም እንዲሁ ግርጌው ላይ ውሃ ይይዛል። ጠጠር ሲደለድሉ ያ እርጥብ ግርጌ አይጠፋም፤ ከጠጠሩ በላይ ከፍ ብሎ ወደ ሥሩ ይቀርባል። ጠጠሩን ይተዉትና ዕቃውን እስከ ታች በአንድ ዓይነት ድብልቅ ይሙሉ። ከዝርግ ዕቃ ጠለቅ ያለው ይሻላል፤ ቀዳዳው ብዙ ይሁን፣ መሬት ላይም አይለጠፍ።

ከመትከልዎ በፊት ግን ይለኩ። ይህን ሙከራ ባውቀው ኖሮ ሎሚዬን አላጣትም ነበር። 10 ሊትር የሚይዝ ዕቃ ቀዳዳውን በፕላስተር ይድፈኑና ድብልቁን እስከ አፉ ይሙሉበት። ውሃ ቀስ እያሉ ያፍስሱ፤ ላዩ ሲያንጸባርቅ ያቁሙ። አንድ ሰዓት አቆይተው ጎደል ካለ ይሙሉት፣ ከዚያ ዕቃውን ሳፋ ላይ አድርገው ቀዳዳውን ይክፈቱ። የወረደው ውሃ ከ1.5 እስከ 2 ሊትር ከሆነ ከዕቃው ከ15 እስከ 20 በመቶው አየር ሆኗል ማለት ነው፤ ይትከሉበት። ግማሽ ሊትር ብቻ ከወረደ ቀይ አሽ ይጨምሩና እንደገና ይለኩ። ዝግጁ ድብልቅ በከረጢት የሚገዙም ከሆነ አንዱን ወስደው በዚሁ ይፈትኑት።

ኮንዶሚኒየም የሚኖሩ ክብደቱንም ያስቡ፤ 40 ሊትር የራሰ ጥቁር አፈር ከ60 ኪሎ ሊያልፍ ይችላል።

ጥሩ ድብልቅም ቢሆን ዘላለም አይቆይም። ኮምፖስቱ እየበሰበሰ ሲሄድ አፈሩ ይወርዳል፣ ይጠብቃል። በሁለት ወይም በሦስት ዓመት ላዩ ጥቂት ጣት ዝቅ ብሎ፣ የሚያጠጡት ውሃም ከላይ ቆሞ የሚዘገይ ከሆነ ክረምቱ ሳይገባ ይቀይሩት። ሲቀይሩ ተክሉን ከቀድሞው አያስጠልቁት፤ የተዳቀለ ችግኝ ከሆነ ደግሞ የተዳቀለበት ቋጠሮ ከአፈሩ በላይ፣ ፀሐይና ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ይቅር።