በከፊል ጥላ ሥር የአበባ መደብ ስለ ማዘጋጀት

በአዲስ አበባና በሌሎችም የደጋና የወይና ደጋ ከተሞች ግቢው እየጠበበ፣ ዙሪያውም በፎቅ እየተከበበ በመሄዱ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚያገኝ የአበባ ቦታ ያለው ሰው ጥቂት ነው። ለአበባ የሚተርፈው አብዛኛውን ጊዜ በአጥር ሥር ወይም በዛፍ አጠገብ ያለው ጠባብ መሬት ነው። አትክልተኛው በዚህ መሬት ላይ ጽጌረዳ ወይም አደይ አበባ ይሞክራል፤ ተክሉ ብርሃን ፍለጋ ይረዝማል፣ ግንዱ ይቀጥናል፣ አበባው ግን እምብዛም አይታይም። ከዚህ በኋላ ቦታው አይረባም ይባልና የድንጋይና የአሮጌ ቆርቆሮ ማከማቻ ሆኖ ይቀራል። በእኛ አስተያየት ጉድለቱ የቦታው ሳይሆን የተክሉ ምርጫ ነው። ለእንዲህ ያለ ቦታ ከሚስማሙት ተክሎች አንዱ ደግሞ እናቶቻችን ለእጅና ለእግር የሚሞቁት እንሶስላ ነው።

ጥላውን ስለ መለየት

ከፊል ጥላ የምንለው በቀን ውስጥ ከ3 እስከ 6 ሰዓት ለሚሆን ጊዜ ቀጥተኛ ፀሐይ የሚያርፍበትን ወይም ብርሃን በቅጠል መካከል እየተጣራ የሚወርድበትን ቦታ ነው። ከዚህ ያነሰ ብርሃን የሚያገኝ ቦታ ብዙ አበባ አይሰጥም።

ከአውሮፓ የሚመጡ የአትክልት መጻሕፍት ከግድግዳ በስተሰሜን ያለው መሬት ምንጊዜም ጥላ እንደሆነ ያስተምራሉ። ይህ ምክር ለእኛ አገር አይሆንም። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ ከሚያዝያ መጀመሪያ አንሥቶ እስከ ነሐሴ የመጨረሻ ሳምንት ድረስ የቀትር ፀሐይ የምታልፈው ከራሳችን በላይ በሰሜን በኩል ነው፤ በቀሩት ወራት በደቡብ በኩል ታልፋለች። በዚህም ምክንያት ቁመቱ 3 ሜትር የሆነ አጥር በታኅሣሥ አጋማሽ በቀትር ወደ ሰሜን 2 ሜትር ያህል ጥላ ሲጥል፣ በሰኔ አጋማሽ ግን ወደ ደቡብ 80 ሳንቲ ሜትር የማይሞላ ጥላ ይጥላል። እንግዲህ ከአጥሩ በስተሰሜን ያለው መደብ በበጋ ጥላ ውስጥ ይውላል፣ በክረምት ደግሞ ደመና በፈቀደው መጠን ፀሐይ ያገኛል ማለት ነው። በስተደቡብ ያለው ግን በደረቁ ወራት ፀሐይ ስለሚበረታበት ለጥላ ወዳድ ተክል አይመከርም። ዓመቱን ሙሉ የማይዋዥቀው ከግድግዳ በስተምሥራቅ ያለው መደብ ነው፤ የጠዋቱን ፀሐይ አግኝቶ ከቀትር በኋላ ያርፋል። ምርጫ ያለው ሰው ይህንን ቢይዝ ጥሩ ነው።

ቦታውን በግምት ከመወሰን ይልቅ በታኅሣሥ አንድ ቀን፣ በሰኔም ፀሐይ ከወጣ አንድ ቀን፣ በ3፣ በ6 እና በ9 ሰዓት ጥላው የደረሰበት ላይ ችካል መትከል ይበቃል።

አፈሩ

ዋልካ መሬት በክረምት ውኃ ያቁራል፤ በጥላ ሥር ደግሞ ቶሎ ስለማይደርቅ ሥር ያበሰብሳል። ስለዚህ መደቡን ከመሬት 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጎ፣ በሚገባ የበሰበሰ ፍግና የቅጠል ብስባሽ ቀላቅሎ ማዘጋጀት ያስፈልጋል። በዛፍ ሥር ሲሆን ግን አፈር በግንዱ ላይ መከመርም ሆነ ወፋፍራም ሥሮችን መቁረጥ ዛፉን ይጎዳል። ከባሕር ዛፍ ሥር መድከሙ ትርፍ የለውም፤ ጥላው ሳስቶ ሳለ ውኃውን ዛፉ ይቀድማል።

የሚተከሉት

በጥላ ውስጥ ጥቁር ቀይና ጥቁር ሐምራዊ አበባ ከሩቅ አይለይም። ነጭ፣ ቢጫ፣ ፈዛዛ ሮዝና ብርቱካንማ ግን ጎልተው ይታያሉ። ቀለም ሲመረጥ ይህ መታሰብ ይኖርበታል።

ከበስተኋላ እንሶስላን እናስቀድማለን። እንሶስላ በደጋና በወይና ደጋ በወንዝ ዳርና በጫካ ጥላ የሚበቅል፣ እስከ 2 ሜትር ሊደርስ የሚችል የአገራችን ተክል ነው። አበባው ሰፊና ነጭ ሆኖ በመካከሉ ሐምራዊ ጭረት አለበት፤ ከኋላውም የአበባ ማር የሚይዝ ረዥም ቀጭን ጅራት አለው። ሽታው የሚያይለው ሲመሽ ነው፤ የሚጎበኙትም የእሳት እራቶች ናቸው። በዝናቡ ወራት አድጎ አብቦ፣ በበጋ ግንዱ ደርቆ በሥሩ ስለሚተኛ፣ ከላይ ለጠቀስነው በስተሰሜን ላለው መደብ የተፈጠረ ይመስላል። ከፈረንጅ አገር በማሸጊያ ዘሩ የሚመጣው ኢምፓሽንስም የዚሁ የእንሶስላ ዘመድ ሲሆን ትውልዱ ምሥራቅ አፍሪካ ነው። ቁመቱ አጭር ስለሆነ ለመደቡ ፊት ይስማማል።

ከእንሶስላ ጎን ሆርቴንሲያ መትከል ይቻላል። አበባው አፈሩ ኮምጣጣ ሲሆን ወደ ሰማያዊ፣ አለዚያ ወደ ሮዝ ያደላል። የሚያብበው ባለፈው ዓመት ባደገው ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ስለሆነ፣ በየዓመቱ ከሥሩ የሚከረክም ሰው አበባውን አብሮ ይጥለዋል። በመካከል ብርቱካንማ አበባ ያለው ክሊቪያ በደረቅ ጥላ ሳይቀር ይጸናል፤ ነገር ግን መርዛማ ስለሆነ ሕፃናትና ከብት ከሚደርሱበት መራቅ አለበት። በቅጠሉ ቀለም የሚወደደው ኮሊየስ የደጋን የጥቅምትና የኅዳር ሌሊት ብርድ ስለማይችል በወይና ደጋውና በቆላው ቢተከል ይሻላል።

አተካከሉና አያያዙ

ዝናቡ ሲጸና፣ በሰኔ፣ የእንሶስላውን ሥር ቡቃያው ወደ ላይ ሆኖ ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር አጥልቆ፣ በመካከሉ 60 ሳንቲ ሜትር እየተዉ መትከል ነው። ለጋ ቡቃያውን ቀንድ አውጣ አጥብቆ ስለሚወደው በጠዋትና በማታ እየዞሩ በእጅ መልቀም ያስፈልጋል። ሌላው መደብ በበጋ በሳምንት ሁለት ጊዜ በርከት አድርጎ በጠዋት ይጠጣ፤ በየዕለቱ ጥቂት ጥቂት መርጨት ሥሩን ወደ ላይ ያስቀራል። በተኛው እንሶስላ ላይ ግን ውኃ ማፍሰስ ሥሩን ያበሰብሰዋል። የተተከለበት እንዳይረሳ ምልክት ማድረግ አይከፋም።

ሥሩን ከገበያ መግዛት ወይም ከጎረቤት መለመን ይቻላል። ሲገዛ ያልደረቀውንና ቡቃያ ያለውን መምረጥ ነው። ከወንዝ ዳር ቆፍሮ ማምጣትን ግን አንደግፍም፤ ሥሩ ከተነቀለ ተክሉ አይመለስም፣ በከተሞች አቅራቢያ ያለው ጫካም አነስተኛ ነው። በግቢ ያደገውን ግን በሦስተኛው ዓመት በጥር ወይም በየካቲት አውጥቶ፣ ቡቃያ ያለበትን ክፍል ለመትከያ አስቀርቶ፣ የተረፈውን ለበዓልና ለሠርግ መውቀጥ ይቻላል። ዘር የሚፈልግ ሰው የጎመራውን ፍሬ በጨርቅ ሸፍኖ ይልቀመው፤ ፍሬው ሲነኩት ፈንድቶ ዘሩን ይበትናልና።