ስለ ምድር ኦርኪድና ስለ ስም አወጣጡ

ኦርኪድ የሚባለው የአበባ ወገን እጅግ ብዙ ነው፤ በዓለም ሁሉ ከ25,000 የሚበልጥ ዓይነት እንዳለው ሊቃውንት ቈጥረዋል። በኢትዮጵያም ከ150 የሚበልጡ ዓይነቶች ይገኛሉ። ከነዚህም አንዳንዶቹ በዛፍ ቅርፊት ላይ ተጣብቀው ይኖራሉ፤ ሌሎቹ ግን ከምድር ይበቅላሉ። ይህ ትምህርት በጫካና በሜዳ ከምድር ስለሚበቅለው ኦርኪድ ነው። በዚህም የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

የምድር ኦርኪድ በበጋ ብዙ ጊዜ አይታይም። ቅጠሉ ደርቆ ይጠፋል፤ ነገር ግን ድንች የሚመስለው ሥሩ ስንቁን ይዞ ከመሬት ውስጥ ይቈያል፤ ክረምት ሲገባም እንደ ገና ያቈጠቍጣል። አበባው ሦስት በውጭ፣ ሦስት በውስጥ፣ ስድስት ገጽ አለው፤ ከውስጠኞቹም አንደኛው ከሌሎቹ ተለይቶ እንደ ከንፈር ይዘረጋል። ሐቤናሪያ በሚባለው ነገድ ከከንፈሩ በስተ ኋላ ጣፋጭ ውሃ የያዘ ቀጭን ቀንድ ይወርዳል። ምላሱ ረዥም የሆነ የእሳት ራት ያን ሊጠጣ ሲመጣ የአበባው ዱቄት ይጣበቅበትና ወደ ሌላው አበባ ያደርሰዋል። ዘሩ እንደ ትቢያ የደቀቀ ነው፤ የራሱ ስንቅ ስለሌለው በአፈር ውስጥ የሚኖር ረቂቅ ሻጋታ ካልመገበው አይበቅልም። ስለዚህ ከጫካ ነቅለው በጓሮ ቢተክሉት ብዙ ጊዜ ይሞታል።

አንድ አበባ አዲስ ነው የሚባለው መቼ ነው? ያየው ሰው ስላላወቀው አይደለም፤ የአገሩ እረኛ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀው ይሆናልና። አዲስ የሚባለው ቀድሞ ስም ከወጣላቸው ዘመዶቹ ሁሉ ጋር ተመርምሮ ከአንዱም ጋር ያልተስማማ እንደ ሆነ ነው። የዕፀዋት ስም አወጣጥ የስዊድን ሊቅ ሊኔዎስ በ1753 ካሳተመው መጽሐፍ ይጀምራል። ስሙም ሁለት ቃል ነው፤ ፊተኛው የነገዱ፣ ሁለተኛው የራሱ ነው። ይህም የራስን ስም አስቀድሞ የአባትን ስም ከሚያስከትለው ከአገራችን ልማድ የተገላቢጦሽ ነው። ለእኛ ግዕዝ እንደ ሆነ ሁሉ ለኤውሮፓ ሊቃውንት የትምህርት ቋንቋቸው ላቲን ነበረና፣ እስከ 2011 ድረስ የአዲስ ተክል መግለጫ በላቲን ይጻፍ ነበር፤ ከ2012 ወዲህ በእንግሊዝኛም ተፈቅዷል። ደግሞም ስሙ የሚጸናው ከተክሉ አንድ ደረቅ ናሙና ለምስክርነት ሲቀመጥ ነው።

በኢትዮጵያ ይህ ሥራ ብዙ ድካም የተከፈለበት ነው። በ1830ዎቹና በ1840ዎቹ ዓመታት ጀርመናዊው ሺምፐር፣ ፈረንሳውያኑም ኳርቲን ዲዮንና ፔቲ በሰሜን አገራችን ዕፀዋት ሰበሰቡ። ኳርቲን ዲዮን በንዳድ ሞተ፤ ፔቲንም በ1843 በዓባይ ወንዝ አዞ ወሰደው። ሐቤናሪያ ሺምፔሪያና፣ ሐቤናሪያ ኳርቲኒያና፣ ሐቤናሪያ ፔቲቲያና የሚባሉት ሦስት የምድር ኦርኪዶች መታሰቢያቸው ናቸው። ሰዎቹ የለቀሟቸው ናሙናዎች ግን ወደ ኤውሮፓ ሄዱ፤ ስለዚህም የአገሩን አበባ ለመመርመር የሚሻ ኢትዮጵያዊ ባሕር መሻገር ግድ ሆነበት።

ዛሬ ግን ከአራዳ ጊዮርጊስ ተነሥቶ፣ ፒያሳን አልፎ፣ በራስ መኰንን ድልድይ ወደ አራት ኪሎ የሚሄድ ሰው በዩኒቨርሲቲው የሳይንስ ግቢ ብሔራዊውን የዕፀዋት ቤተ መዘክር ያገኛል። ይህ ቤት በ1959 ተመሠረተ። የኢትዮጵያን ዕፀዋት በመጽሐፍ የመጻፍ ሥራ በ1980 ተጀምሮ በ2009 ተፈጸመ፤ የኦርኪድ ወገን በ1997 በወጣው በስድስተኛው ክፍል ይገኛል። በ2004ም ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ከሁለት የውጭ አገር ሊቃውንት ጋር ስለ ኢትዮጵያ ኦርኪዶች ብቻ የሚናገር መጽሐፍ አሳተሙ።

መጽሐፉ ተጽፏልና ሁሉ ታውቋል ማለት አይገባም። በ2006 በሶማሌ ክልል 8,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሸፈነ፣ በመጽሐፍ ያልተጻፈ የግራር ዓይነት ተገኝቶ በ2007 አካሺያ ፉሞሳ ተባለ። ይህን ያህል ምድር የሸፈነ ዛፍ ከሊቃውንት ዓይን ከተሰወረ፣ በዓመት ጥቂት ሳምንት ብቻ የሚታይ የጫካ አበባ እንዴት አይሰወር? ጫካው ተመንጥሮ የታረሰ እንደ ሆነ ግን ስም ሳይወጣለት የጠፋውን አበባ የሚያስታውሰው የለም።

እንግዲህ መምህራን ከተማሪዎቻቸው ጋር በክረምት የደብሩን አጸድና የወንዙን ዳር ይመልከቱ። እንግዳ አበባ ቢያገኙ አይንቀሉት፤ ቦታውን፣ ቀኑን፣ የአበባውን መልክ፣ በአጠገቡ ያሉትን ዛፎች፣ ሽማግሎችም የሚጠሩበትን ስም ይጻፉ፤ ቢቻል ፎቶግራፍ ያንሡ። አበባ ሲደርቅ መልኩ ይለወጣልና የመልኩ ነገር በዚያው በቦታው ሊጻፍ ይገባል። ይህን ጽፎ ወደ ቤተ መዘክሩ መላክ ለሊቃውንቱ መንገድ መምራት ነው። ሽማግሎችም አጸዱ እንዳይመነጠር ቢጠብቁ፣ ገና ስም ያልወጣለት አበባ ስሙን እስኪያገኝ ድረስ በሕይወት ይቈያል።