መሣሪያ ይዞ የገባ እንግዳና የባለቤቱ ዕዳ

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን ደምበጫን የሚያውቅ አንባቢ፣ በዚያ አገር ጠመንጃ የቤት ዕቃ ያህል መሆኑን ሊነግሩት አያስፈልግም። ምንሽሩ፣ ዲሞትፈሩ፣ ኋላም ክላሹ ከአባት ለልጅ ሲወርድ ኖሯል። በ1933 ዓ.ም. ከቡሬ ወደ ደብረ ማርቆስ ሲያፈገፍግ የነበረው የጣሊያን ጦር ከባድ ውጊያ የገጠመው እዚያው ደምበጫ አጠገብ ነበር። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ በእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት ባመፀ ጊዜም መመኪያው ይኸው መሣሪያ ነበር። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ የተነሣው ጦርነት ደግሞ ነገሩን ይበልጥ አሳሳቢ አድርጎታል።

የዛሬው ጥያቄያችን ግን ስለ ጀግንነት አይደለም፤ ስለ ካሳ ነው።

እስቲ አንድ ሠርግ እናስብ። አንድ ነጋዴ አዳራሹን ለደጋሽ አከራየ። የሙሽራው አጎት ክላሹን አንግቶ ገባ፤ በሩ ላይ የከለከለው የለም። ጭፈራው ሲደምቅ ተኮሰ፤ ጥይቷም የጎረቤት ልጅ እግር መታች። ተኳሹ በወንጀል ተጠይቆ ይታሠር ይሆናል። ለመሆኑ የልጁን ሕክምና ማን ይከፍላል? ተኳሹ ከአንድ ጥንድ በሬ በቀር የሌለው ገበሬ ቢሆንስ? የልጁ አባት ዓይኑን ወደ አዳራሹ ባለቤት ማዞሩ አይቀርም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከውል ውጭ ስለሚደርስ ኃላፊነት ሲደነግግ ስለ ጠመንጃ ለብቻው ያስቀመጠው አንቀጽ የለም። ያለ ጥፋት ኃላፊ የሚያደርጉትን ነገሮች ለይቶ ቆጥሯል፤ እንስሳ (አንቀጽ 2071)፣ ሕንፃ (2077)፣ መኪናና ተሽከርካሪ (2081) ይገኙበታል። አንቀጽ 2069 ፈንጂ የሚያከማች ሰው አደጋው ሲደርስ ኃላፊ ነው ይላል። በመሆኑም በጓዳው የእጅ ቦምብ የደበቀ ሰው ጥፋት የለብኝም ብሎ አያመልጥም። የእንግዳ ጠመንጃ ግን ከእነዚህ በአንዱም ውስጥ በቀጥታ አይገባም። ስለዚህ ባለቤቱን ለመክሰስ ጥፋቱን ማስረዳት ግድ ይላል።

ጥፋት ሲባል ደግሞ ማድረግ ብቻ አይደለም። አንቀጽ 2029 ማድረግ የሚገባን አለማድረግንም ጥፋት ይለዋል። መለኪያው አስተዋይ ሰው በዚያ ቦታ ቢሆን ምን ያደርግ ነበር የሚለው ነው። ሰውየው ባለፈውም ሠርግ መተኮሱን የሚያውቅ፣ አሁንም ሞቅ ብሎት ቃታ ሲነካካ እያየ ዝም ያለ ባለ አዳራሽ አስተዋይ ነው ሊባል አይችልም። ከዚህም በላይ አንቀጽ 2035 በግልጽ የተደነገገ ሕግን መጣስ ራሱን ጥፋት አድርጎታል፤ ሕጉን አላውቅም ነበር ማለትም አያድንም። መሣሪያን የሚመለከተው ሕግ በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1177 ነው። ባለቤቱ ይህን አዋጅ የሚያስጥስ ፈቃድ ሰጥቶ ከሆነ የከሳሹ ሸክም እጅግ ይቀላል። በአንጻሩ ጠመንጃው ተደብቆ ገብቶ ከሆነና ባለቤቱ ሊያውቅ የሚችልበት መንገድ ካልነበረ ኃላፊ የሚሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

እዚህ ላይ የፊቅህ ሊቃውንት ያደረጉትን ልዩነት ማስታወስ ይጠቅማል። እነርሱ ጉዳቱን በእጁ ያደረሰውን (ሙባሺር) እና ሰበብ የሆነውን (ሙተሰቢብ) ይለያሉ። በገዛ ግቢው ጉድጓድ የቆፈረ አይጠየቅም፤ ያለ ፈቃድ በሕዝብ መንገድ ላይ የቆፈረ ግን የወደቀበትን ሰው ካሳ ይከፍላል። ሰበብ የሆነ ሰው የሚጠየቀው ወሰን ሲያልፍ ነው ማለት ነው። ሁለቱ በአንድ ጉዳት ላይ ሲገናኙ ግን በመሠረቱ ፍርዱ በእጁ ባደረሰው ላይ ይወድቃል። የኛ የፍትሐ ብሔር ሕግ በዚህ ይለያል፤ በአንቀጽ 2155 መሠረት ለአንድ ጉዳት ኃላፊ የሆኑ ሁሉ ባንድነትና በነጠላ ይጠየቃሉ። ተበዳዩ ገንዘብ ያለውን መርጦ ሙሉውን ሊያስከፍል ይችላል፤ እነርሱ በኋላ ይተሳሰባሉ። ለቆሰለው ልጅ የሚበጀው ይኸኛው ይመስለኛል። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ፍላጻ ይዞ በመስጊድ ወይም በገበያ የሚያልፍ ሰው ሌላውን እንዳይወጋ ጫፉን በእጁ እንዲይዝ ማዘዛቸውም ጥንቃቄው ከጉዳቱ በፊት እንደሚጀምር ያሳያል።

በሌላው ዓለም ተቃራኒውን የመረጡ አሉ። በአሜሪካ የዊስኮንሲን ግዛት በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሕግ፣ የተደበቀ መሣሪያ ወደ ቦታው እንዲገባ ያልከለከለ ባለ ንብረት በዚህ ውሳኔው ምክንያት እንዳይጠየቅ ከለላ ሰጥቷል። የከለከለው ግን ይህ ከለላ የለውም! እንዲህ ያለው ሕግ ባለ ሱቁን በሩን ለመሣሪያ ክፍት አድርግ ብሎ እንደ መምከር ነው።

ስለ ዘበኛ ክርክር የለም ማለት ይቻላል። ባለ ሆቴሉ ያስታጠቀው ዘበኛ በሥራው ላይ ሳለ ደንበኛ ቢያቆስል፣ አሠሪው በአንቀጽ 2130 መሠረት ይጠየቃል። ጉዳቱ በሥራ ቦታና ሰዓት ከደረሰ በሥራው ላይ እንደ ደረሰ ይገመታል፤ እንዳልሆነ የማስረዳቱ ሸክም የአሠሪው ነው። ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ጠመንጃ አካለ መጠን ያላደረሰ ልጅ አውርዶ ጉዳት ቢያደርስም አባት በአንቀጽ 2124 ይጠየቃል።

ካሳው ምን ያህል ነው? የሕክምናው ወጪና የቀረው ገቢ በደረሰው ጉዳት ልክ ይተመናል። ለኅሊና ጉዳት የሚከፈለው ግን ከ1000 ብር እንዳይበልጥ አንቀጽ 2116 ወስኗል፤ በ1952 ዓ.ም. ትልቅ ገንዘብ የነበረው ዛሬ አንድ በግ አይገዛም።

በአገራችን እንዲህ ያለው ጉዳይ በአብዛኛው በሽማግሌ ይያዛል፤ ዕርቁም መልካም ነው። ይሁን እንጂ የካሳ ክስ በአንቀጽ 2143 መሠረት በሁለት ዓመት ይታገዳል፤ ጉዳዩ ረዘም ያለ የይርጋ ጊዜ ያለው ወንጀል ከሆነ ብቻ በዚያኛው ይታያል። ተኳሹ በወንጀል ነጻ ቢወጣም የፍትሐ ብሔሩ ዳኛ በዚያ አይታሰርም። ስለዚህ የልጁ አባት ሽማግሌዎቹን እየጠበቀም ቢሆን የሐኪም ማስረጃውን፣ የመድኃኒት ደረሰኙን፣ በሩ ላይ ቆሞ ጠመንጃው ሲገባ ያየውን ሰው ስም ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ይያዝ።