አልስማማም ብሎ አብሮ መቆም

ልጄ፣

ባለፈው እሑድ አቦሉን ጠጥተሽ ሳትሰናበቺኝ የወጣሽው በእኔ ተቀይመሽ መስሎኝ ነበር። ኋላ እናትሽ ስትነግረኝ ገባኝ፤ የገባሽበት፣ የጥንት አማልክትን የሚያመልኩ ፔጋኖች ማኅበር ለሁለት ተከፍሎ ልብሽ ተሰብሯል፤ ልትተዪውም ነው። እኔ በማዕተቤ የኖርኩ፣ በማዕተቤም የምቀበር ሰው ነኝ። መንገድሽ መንገዴ አይደለም። ብትወጪ ደስ እንደሚለኝም አልዋሽሽም። ነገር ግን ሰው እምነቱን ቢተው መርምሮ ይተወው። በጠብ ተገፍቶ የወጣ፣ በሚገባበት ቤትም ጠብ ይጠብቀዋል። ስለ ሰዎችሽ ሳነብ ከርሜ ያገኘሁትን እንካፈል። ዓመቶቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

1. ጠብን የመፍረስ ምልክት አታድርጊው። እንግሊዝ የጥንቆላ ሕጓን በ1951 ሻረች፤ በ1954 ጄራልድ ጋርድነር ዊካ የተባለውን የፔጋኖች የጥንቆላ እምነት ለሕዝብ ያስተዋወቀበትን መጽሐፍ አሳተመ። በ1957 ብዙ የአምልኮ ጽሑፎቹን ያቃናችለት ዶሪን ቫሊየንቴ ተለየችው። ከጋዜጠኞች ጋር መነጋገር ማብዛቱን አልወደደችለትም። እሱ ደግሞ፣ ሊቀ ካህናቷ ስታረጅ ለወጣት ቦታዋን ትልቀቅ የሚል ደንብ ያለበት «ጥንታዊ ሕግ» አወጣ። እሷ ጥንታዊነቱን አላመነችም፤ ወጣች። መንገዱን ግን እስከ ዕለተ ሞቷ አልተወችም። ዛሬ ሁለቱም በክብር ይታወሳሉ።

2. ሲኖዶስ ከሌለው ቤት የሲኖዶስ ቃል አትጠብቂ። ሲኖዶስ ያለን እኛ እንኳ ለሁለት ተከፍለን ከሃያ ዓመት በላይ ቆይተን የታረቅነው በ2018 ነው። ያንቺዎቹ በ1974 ሚኒያፖሊስ ተሰብስበው 13 መርሖዎች አጸደቁ። አንዱ መርሕ፣ በላያቸው የሚገዛ የሥልጣን ተዋረድ እንደማይቀበሉ፣ የሚያስተምሯቸውን ግን እንደሚያከብሩ ይናገራል። ጉባኤው በዚያው ዓመት ፈረሰ፤ መርሖዎቹ ግን ዛሬም ይነበባሉ። ሁሉም አንድ ቃል እንዲናገር አትድከሚ። ቃሉን የሚጠብቅ ሰው መሆንሽ ይበቃል።

3. ሐሳብሽ ሲለወጥ በአደባባይ ይለወጥ። ከሰዎችሽ አንዷ፣ ጸሐፊዋ ስታርሆክ፣ በ1979 ባሳተመችው መጽሐፍ የወንድና የሴት ተጓዳኝነት የኃይል ምንጭ እንደሆነ አስተምራ ነበር። በአሥረኛውና በሃያኛው ዓመት እትሞች አመለካከቷ የት የት እንደተለወጠ የሚገልጽ ማስታወሻ ጨመረችበት። የድሮ ገጹን ደብቆ አዲስ ሰው መምሰል ይቀል ነበር። ስሕተቱን ራሱ ከሚያሳይ ሰው ጋር ግን ማንም ሙግት መግጠም አይችልም።

4. ከበር የተመለሰውን አስቀድመሽ ስሚ። በ2011 ካሊፎርኒያ በተደረገው፣ ፓንቲያኮን በተባለው የፔጋኖች ትልቅ ጉባኤ፣ ለሴቶች በተዘጋጀ ሥርዓት ሲወለዱ ወንድ የተባሉ ትራንስ ሴቶች ከበር ተመለሱ። አንዳንዱ ማን እንደሚገባ መወሰን የአዘጋጆቹ መብት ነው አለ። ሌላው፣ ሴት ነኝ ብላ የመጣችን መመለስ ማዋረድ ነው አለ። በተከታዩ ዓመት ተመሳሳይ ሥርዓት ሲደረግ፣ ተቃዋሚዎቹ ከበሩ ውጭ በጸጥታ ተቀመጡ። የእኔ ምክር ይህ ነው፦ የምትዘጊው በር ካለ አስቀድመሽ ተናገሪ፤ ለጸሎት ልቡን አዘጋጅቶ የመጣ ሰው ደጃፍ ላይ አይፈር። ተመልሶ ሲሄድ ያየሽው ካለም ክርክሩን ተዪና ሂጂ፣ አብረሽው ተቀመጪ።

5. መቀበል ወሰን አለው። የጥንት የሰሜን አውሮፓ አማልክትን ከሚያመልኩት መካከል እምነቱን ለነጭ ዘር ብቻ ያደረጉ አሉ። በ2016 ከብዙ አገሮች የተውጣጡ ከ100 በላይ ማኅበራት «መግለጫ 127» የተባለውን ጽሑፍ ፈርመው እንዲህ ካለ ቡድን ጋር እንደማይተባበሩ አሳወቁ። ስለ ሥርዓት፣ ስለ ታሪክ፣ ስለ አማልክት ስም ብትለያዩ ቤቱ ይችላችኋል። ሰውን በቆዳው የሚለካ ግን የተለየው ከሐሳብሽ ሳይሆን ከሰውነትሽ ነው። የአንቺን ቆዳ የለበስኩ ነኝና ይህን ደግሜ እነግርሻለሁ፤ እዚያ ላይ አትታገሺ።

6. ሙታናችሁን አስቢ። እስከ 2007 ድረስ የአሜሪካ መንግሥት በጦር ሠራዊት መቃብር ላይ የዊካ እምነት ምልክት፣ በክብ ውስጥ ያለውን ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ፣ አይፈቅድም ነበር። መስቀሉና የዳዊት ኮከቡ ግን ከተፈቀዱ ብዙ ዘመን ሆኗቸው ነበር። አፍጋኒስታን ላይ ባሏን ያጣች ሴት ከሌሎች ጋር ሆና ተሟገተች፤ በብዙ ነገር የሚለያዩ ማኅበራት በዚህ አንድ ጉዳይ ጎን ለጎን ቆሙ፤ ምልክቱም ተፈቀደ። ያኔ የጠየቁት ማን ትክክለኛ የዊካ አማኝ እንደሆነ አልነበረም።

ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል። ለማንም ጸልዪ፣ ቂሙን ግን ከምትጸልዩበት ክብ ውጭ አራግፊው። ብትቆዪ ታርቀሽ ቆዪ፤ ብትወጪም ተሰናብተሽ ውጪ።

እኔና አንቺ በእምነት አንገናኝም፤ ምናልባትም እስክሞት አንገናኝም። ስኒሽ ግን እንዳለ ነው። እሑድ ነይ፤ በዚህ ጊዜ በረካውን ሳትጠጪ አትነሺ።

አጎትሽ