የ11ኛ ክፍል ምርጫና የአሳዳጊ አማና

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ አን-ኒሳእ የየቲሞች ገንዘብ ለአካለ መጠን እስኪደርሱ ድረስ በአደራ እንዲጠበቅ አዟል። ትምህርታቸውም ከዚሁ አማና የሚቆጠር ነው።

የደባርቅና የዳባት አሳዳጊዎች ሆይ! የቲሙ ወደ 11ኛ ክፍል ሲዛወር ከተፈጥሮና ከማኅበራዊ ሳይንስ አንዱን ይመርጣል። ሐኪም ወይም መሐንዲስ ለመሆን የሚሻ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ያለበትን የተፈጥሮ ሳይንስ መያዝ ይኖርበታል። ታሪክ፣ ጂኦግራፊና ኢኮኖሚክስ የማኅበራዊው ናቸው፤ ሒሳብና እንግሊዝኛ ግን በሁለቱም አይቀሩም። የ12ኛ ክፍል ፈተና በተመረጠው ዘርፍ ስለሚሰጥ፣ ዘግይቶ መጸጸት ሊማሊሞን ወርዶ ዳግም እንደ መውጣት ይከብዳል።

ስለዚህ ጓደኛን ተከትሎ ወይም «ይቀላል» ተብሎ አይመረጥ። ውጤቱን ከመምህሩ ጋር መርምሩ፤ ኢስቲኻራ እንዲሰግድም ምከሩት። አባቱ በሕይወት ቢኖር ኖሮ «ልጄ፣ ምን መሆን ትሻለህ?» ብሎ ይጠይቀው ነበር፤ ዛሬ ጠያቂዎቹ እናንተ ናችሁ።