አጥር የሚወድቀው ከየት ነው?

በዛሬው የትምህርት አምዳችን ስለ ከብት አጥር እጽፋለሁ። «አጥር ደግሞ ምን ትምህርት አለው?» የምትሉ አትጠፉም። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። አምና መስከረም ላይ የደረሰብኝን ካነበባችሁ በኋላ ግን ሐሳባችሁን ትቀይራላችሁ።

ምን ሆነ መሰላችሁ?

ከቤታችን ጓሮ በአጥር የተከለለ የሣር ቦታ አለን። ከብቶቹ እዚያ ከገቡ አጥሩ ይጠብቃቸዋል፣ እኔ ትምህርት ቤት እመጣለሁ። ያን ቀን ቅዳሜ ነበር። ደጃፍ ላይ ተቀምጬ የቤት ሥራዬን እየሠራሁ ነው። አጥሩ አለ ብዬ ቀና ብዬም አላየሁም። ድንገት የጎረቤታችን የእማማ ጩኸት ተሰማ። ሮጬ ስደርስ ሁለቱ በሬዎቻችን አጥሩን ጥሰው የእማማ በቆሎ ውስጥ ገብተዋል። በቆሎው ገና እሸት መያዙ ነበር። እማማ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው፤ የዓመት ቀለባቸው ያ የጓሮ በቆሎ ነው።

አባቴ በጣም ተቆጣኝ። «ደብተር ላይ አፍጥጠሽ የሰው እህል ታስበያለሽ!» አለኝ። ሽማግሌዎች ተቀምጠው አራት ቁና በቆሎ እንድንክስ ወሰኑ፣ ከፈልን። ለእኔ ግን የባሰው ሌላ ነው። አጥሩ ስለፈረሰ ከብቶቹን የምጠብቀው እኔ ሆንኩ። ሦስት ሳምንት ከትምህርት ቀረሁ። አንዳንዶቻችሁ «የት ጠፋሽ?» ብላችሁኝ ነበር፤ መልሱ ይኸው ነው።

አያቴ ያሳዩኝ ነገር

አንድ ቀን አያቴ ከወደቁት ቋሚዎች አንዱን አነሱና «ነይ እስቲ ልጄ፣ ይህን የሰበረው በሬ ይመስልሻል?» አሉኝ። አየሁት። የላይኛው ክፍል ደህና ነው። መሬት ውስጥ የነበረው ጫፍም ብዙ አልተጎዳም። ከአፈሩ ጋር የሚገናኝበት አንገቱ ግን እንደ ደረቅ ዳቦ ይፈረፈራል። ሌሎቹንም ነቀልናቸው። ከ11 ቋሚዎች ዘጠኙ የበሰበሱት እዚያው አንገታቸው ላይ ነው። በሬዎቹ ገፋ ሲያደርጉት ወደቀ እንጂ አጥሩ ቀድሞ ሞቷል ማለት ነው።

አባቴም መጥቶ አየ። ትንሽ ዝም አለና «ጥፋቱ የእኔ ነው። ቅርፊቱን ሳልልጥ እርጥቡን ነው የቀበርኩት» አለ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ያን ቀን እንባዬ መጣ።

ለምን አንገቱ ላይ?

ይህን የሳይንስ መምህራችንን ጠየቅኳቸው። እንጨት የሚያበሰብሰው ፈንገስ የሚባል ሕያው ነገር ነው። ፈንገስ ለመኖር ምግብ፣ ውሃና አየር ይፈልጋል። ምግቡ ራሱ እንጨቱ ነው። ከመሬት በላይ ያለውን ክፍል ነፋስና ፀሐይ ስለሚያደርቁት ውሃ አያገኝም። ጥልቅ ቦታ ላይ ደግሞ አየር ያንሳል። አንገቱ ላይ ግን እርጥበቱም አየሩም አለ። ስለዚህ ፈንገሱ እዚያ ይሰፍራል። ምስጥም የሚመጣው በአፈር በኩል ነው።

ብረትም የሚዝገው ውሃና ኦክስጅን ሲያገኝ ነው። ለዚህ ነው የአጥር ሽቦ ዚንክ የሚቀባው፤ ዚንኩ ብረቱን ከውሃና ከአየር ይከልለዋል። የእሾህ ሽቦን በ1874 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት አግኝቶ ያስፋፋው ጆሴፍ ግሊደን የተባለ አሜሪካዊ ገበሬ ነው። የእኛ አያቶች ግን ሽቦ ሳይኖር በፊትም በቀጋና በግራር እሾህ ያጥሩ ነበር።

አዲሱን አጥር እንዴት ሠራነው?

1. እንጨቱን ማዘጋጀት። የአያቴ የድሮ በር ቋሚ ወይራ ነው፤ እስከ ዛሬ አልተነቃነቀም። ጽድም እንደዚሁ ምስጥ ቶሎ አይደፍረውም። ነገር ግን ወይራና ጽድ እየቆረጥን ብናጥር የቀረችውን ደን መጨረስ ይሆናል። እዚህ ምዕራብ ጎጃም በየቤቱ ያለው ባህር ዛፍ ነው። እሱን በበጋ ቆርጠን፣ ቅርፊቱን ልጠን፣ ከመሬት ከፍ አድርገን ጥላ ውስጥ አደረቅነው። ቅርፊት ካልተላጠ እርጥበት ያቁራል፣ ነቀዝም ይደበቅበታል።

2. ጉድጓዱ። የቋሚው ርዝመት 2 ሜትር ከሆነ 60 ሳንቲ ሜትር ያህሉ መቀበር አለበት። አባቴ ድሮ የቀበረው አንድ ክንድ እንኳ አይሞላም ነበር! ቋሚውን ካቆምን በኋላ አፈሩን በአንድ ጊዜ አንሞላም። አንድ ስንዝር ያህል እንጨምርና በወፍራም እንጨት እንጠቀጥቃለን፣ ደግሞ እንጨምርና እንጠቀጥቃለን። የላዩን ብቻ መርገጥ ጥቅም የለውም። በመጨረሻ አንገቱ ዙሪያ አፈር ከምረን እንደ ትንሽ ጉብታ እናደርገዋለን። ይህ ዝናቡ ወደ ውጭ እንዲፈስ ነው። አንገቱ አጠገብ ውሃ መቆም የለበትም።

3. ማዕዘኑ። ሽቦ ሲወጠር ሁሉም ጉልበት የሚያርፈው የማዕዘን ቋሚ ላይ ነው። ስለዚህ የማዕዘኑ እንጨት ወፈር ያለ ይሁን፣ ጠለቅ ብሎም ይቀበር። ሽቦው ወደሚጎትትበት በኩል ሰያፍ ድጋፍ ይደረግለታል፤ የድጋፉ እግር እንዳይንሸራተት ትልቅ ድንጋይ ይቀበራል። ማዕዘን ላይ ሽቦው በሁለት አቅጣጫ ስለሚጎትት ድጋፉም ሁለት ነው።

4. ሽቦው። አንድ በግ ሸጠን የገዛነው ሽቦ ለዙሪያው ሁሉ ስላልበቃ በእማማ በቆሎ በኩል ብቻ ወጠርነው። ለቀንድ ከብት አራት መስመር ጥሩ ነው፤ ከመሬት በ30፣ በ60፣ በ90 እና በ120 ሳንቲ ሜትር። በግ ግን በታች ሾልኮ ስለሚወጣ ከሥር እሾህ ደረደርንበት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ። ሽቦው መመታት ያለበት ከብቶቹ ባሉበት በኩል ነው። በሬ ሲገፋው ሽቦው ወደ ቋሚው ይጠጋል። በውጭ በኩል ከተመታ ግን በሬው በገፋ ቁጥር ሚስማሩ ይነቀላል። ደግሞ ሽቦ ሲወጠር ልጆች ራቅ በሉ፤ ከተበጠሰ ተመልሶ ይገርፋል።

5. ሕያው አጥር። አያቴ «የሞተ እንጨት ያረጃል፣ የተተከለ ግን ያድጋል» ይላሉ። ሽቦ በሌለው በኩል በቋሚዎቹ መካከል ሰኔ ላይ ሰንሰልና ቅንጭብ ተከልን። ሰንሰል (ስሚዛ የሚሉትም አሉ) ቅርንጫፉን ቆርጦ በዝናብ መጀመሪያ መሰካት ነው። ቅንጭብ ግን የተቆረጠበት ቦታ እስኪደርቅ ጥቂት ቀን ጥላ ውስጥ ይቆያል፣ አለበለዚያ ይበሰብሳል። ሁለቱንም ከብት አይወዳቸውም። ቋሚዎቹ ባረጁ ጊዜ እነዚህ ተተክተው ይቆማሉ።

ጥንቃቄ! የቅንጭብና የቁልቋል ወተት ዓይን ውስጥ ከገባ ክፉኛ ይጎዳል። ስትቆርጡ ፊታችሁን አዙሩ፣ እጃችሁን ሳትታጠቡ ዓይናችሁን አትሹ። ከገባ ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውሃ አጥቡና ወደ ጤና ኬላ ሂዱ።

ዘንድሮስ?

ዘንድሮ መስከረም የእማማ በቆሎ እሸት ያዘ። በሬዎቻችንም አንገታቸውን አስግገው ያዩታል፣ በቃ ማየት ብቻ! እማማ ራሳቸው «ኑ እሸት ብሉ» ብለው ጠሩን። ሁሉም ፍጹም ሆነ ማለቴ ግን አይደለም። ዝናብ እየጣለ የተከልነው አንድ ቋሚ ጭቃው ስላልጠበቀ ትንሽ አዘንብሏል። ከሰንሰሉም አንዳንዱ ደርቋል፣ እንተካዋለን። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ አጥሩን ዞሬ እያንዳንዱን ቋሚ እነቀንቃለሁ። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ? ከመስከረም ጀምሮ ከብት ልጠብቅ ብዬ አንድም ቀን ከትምህርት አልቀረሁም።

በነገራችን ላይ የትምህርት ቤታችንን አጥር በመጸዳጃ ቤቱ በኩል አይታችሁታል? ሦስቱን ቋሚዎች ነቅንቄ አየኋቸው፤ ይወዛወዛሉ። ፍየሎች ገብተው የአካባቢ ጥበቃ ክበብ የተከላቸውን ችግኞች የሚበሉት በዚያ ነው። ክበባችን ከመምህራን ጋር ተመካክሮ ከክረምቱ በፊት ሰንሰል ቢተክልበት ጥሩ ነው እላለሁ። ቅርንጫፉን ከቤታችን አመጣለሁ።

እስቲ ራሳችሁን ፈትኑ

ሀ. የአጥር ቋሚ ቶሎ የሚበሰብሰው ምኑ ላይ ነው? ለምን?
ለ. ሽቦው ከብቶቹ ባሉበት በኩል የሚመታው ለምንድን ነው?
ሐ. እናንተ ቤት ያለው አጥር ከምን ተሠራ? ዛሬ ማታ ነቅንቃችሁ እዩትና ያገኛችሁትን ጻፉልን።

መልሳችሁን በሚኒ ሚዲያ ክፍል በር ላይ ባለው ሳጥን ውስጥ ጨምሩ። በትክክል የመለሱ ተማሪዎች ስም ሰኞ በሰልፍ ሰዓት ይነበባል። ለዛሬ አበቃሁ፤ በሚቀጥለው ዝግጅት እስክንገናኝ ሰላም ሁኑ!

ከሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል፣ 7ኛ ክፍል