ውርጭና የቅጠል ቅባት

በጥቅምትና በኅዳር፣ ሰማዩ ጠርቶ ነፋሱም ጸጥ ባለ ምሽት፣ በደብረ ብርሃን ዙሪያ ያለ ገበሬ ደጋግሞ ወደ ውጭ ይመለከታል። ደመና ቢኖር ኖሮ መሬት ቀን የያዘችውን ሙቀት እንደ ጋቢ ሸፍኖ ባቆየላት ነበር፤ ሰማዩ ከጠራ ግን ሙቀቱ ወደ ላይ ያመልጣል። የቀዘቀዘውም አየር ከባድ በመሆኑ እንደ ውሃ ወደ ረባዳው ይወርዳል፤ ከዚህም የተነሣ ከተዳፋቱ ይልቅ የረባዳው ማሳ ቀድሞ ይጎዳል። ገብሱ ገና እሸት፣ ባቄላውም አበባ ላይ ከሆነ የዓመት ቀለብ በአንድ ሌሊት ሊጠፋ ይችላል። ሲነጋ ማሳው በአመዳይ ነጥቶ ይታያል። ፀሐይ ወጥታ አመዳዩ ሲቀልጥ ቅጠሉ የፈላ ውሃ የተደፋበት ይመስላል፤ ይጠወልጋል፤ ይጠቁራል። ያን ጊዜ «ውርጭ መታው» ይባላል።

ተማሪዎች ሆይ፣ «መታው» የሚለውን ግሥ ልብ በሉ። መቺው ውርጭ ነው፤ ተመቺውስ ምንድን ነው? «ገብሱ ነዋ!» ትሉ ይሆናል። መልሱ ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን አያጠግብም። ምቱ ያረፈው በቅጠሉ ውስጥ በየትኛው ክፍል ላይ ነው?

ይህን ለመረዳት ከማሳው ወደ ማድ ቤት እንግባ። በደብረ ብርሃን ማለዳ ቅቤ እንደ ድንጋይ ጠንክሮ ይገኛል፤ የኑግ ዘይት ግን በዚያው ብርድ ከጠርሙሱ ይፈሳል። ሁለቱም ቅባት ናቸው። ልዩነቱ ያለው ቅባቱ በተሠራባቸው ረጃጅም የካርቦን ጅራቶች ላይ ነው። የቅቤ ጅራቶች አብዛኞቹ ቀጥ ያሉ ስለ ሆኑ እንደ ተስተካከለ ፍልጥ ተጠጋግተው ይደረደራሉ፤ ስለዚህ ቶሎ ይረጋሉ። የኑግ ዘይት ጅራቶች ግን ካርቦኖቹ በድርብ ትስስር በተያያዙበት ቦታ ላይ ጎበጥ ይላሉ። ጠማማ ጭራሮ በሚገባ እንደማይታሰር ሁሉ እነርሱም በቀላሉ አይጠጋጉም፤ በብርድም ቢሆን ፈሳሽ እንደ ሆኑ ይቆያሉ።

አሁን ወደ ቅጠሉ እንመለስ። እያንዳንዱ የቅጠል ሕዋስ የተጠቀለለው በሁለት ንጣፍ ቅባት በተሠራ ሽፋን ነው። የሽፋኑ ውፍረት የአንድ ሚሊሜትር መቶ ሺኛ እንኳ አይሞላም። ይሁን እንጂ ሕይወት ካለውና ከሌለው የሚለየው ድንበር ይኸው ነው። በሽፋኑ መካከል እንደ በር የሚያገለግሉ ፕሮቲኖች አሉ፤ እነርሱም በደንብ የሚሠሩት ቅባቱ ለስላሳ ሲሆን ነው። ቅባቱ እንደ ቅቤ ከረጋ በሩ ይደነቃቀፋል፤ ሽፋኑም ያፈስሳል።

ውርጭ ሲመጣ ደግሞ ሌላ መከራ ይጨመራል። በረዶው አስቀድሞ የሚሠራው በሕዋሶቹ መካከል ባለው ክፍተት ነው። በረዶውም ከሕዋሱ ውስጥ ውሃ እየሳበ ያወጣል። ሕዋሱ ሲጨማደድ ሽፋኖቹ እርስ በርሳቸው ይነካካሉ፤ አንዳንዶቹም ይጣበቃሉ። በረዶው ቀልጦ ውሃው ሊመለስ ሲል የተበላሸው ሽፋን አይችለውም፤ ይቀደዳል። ቅጠሉ የተቀቀለ የሚመስለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ዳሩ ግን ተክል ዝም ብሎ የሚመታ ፍጡር አይደለም። ብርዱ ቀስ በቀስ ሲበረታ የገብስ ቅጠል በኤንዛይሞቹ አማካይነት በቅባቱ ውስጥ ያሉትን ጎባጣ ጅራቶች ያበዛል፤ ስኳርም ያከማቻል። በአጭሩ፣ ሽፋኑን ከቅቤነት ወደ ኑግ ዘይትነት ያስጠጋል። አበባውና ለጋው ፍሬ ግን እንደ ቅጠሉ አይችሉም፤ የጥቅምት ውርጭ የሚፈራውም ስለዚህ ነው።

ከደብረ ብርሃን ተነሥታችሁ በአንኮበር በኩል ቁልቁል ወደ አልዩ አምባ ብትወርዱ የገብሱ አገር አልቆ የማሽላው አገር ይጀምራል። ማሽላን ወደ ደጋ አምጥታችሁ ብትዘሩት በረዶ ሳይሠራ እንኳ በብርዱ ብቻ ይጎዳል። ሙዝ በማቀዝቀዣ ሲያድር ልጣጩ የሚጠቁረውም በዚሁ ዓይነት ጉዳት ነው። ለዚህ ጉዳት የቅባቱ ዓይነት ብቸኛው ምክንያት ነው ማለት አይቻልም፤ ትልቅ ድርሻ እንዳለው ግን በሙከራ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1992 ጃፓናዊው ኖሪዮ ሙራታና ባልደረቦቹ በትንባሆ ላይ ሁለት ዓይነት ጂን አስገቡ። አንደኛው ከዱባ፣ ሁለተኛው የጎመን ዘመድ ከሆነችው ከትንሿ አራቢዶፕሲስ የተወሰደ ነበር። ሁለቱም ጂኖች የትኛው ጅራት በቅጠሉ አረንጓዴ ክፍል ቅባት ውስጥ እንደሚገባ የሚመርጥ ኤንዛይም የሚያሠሩ ናቸው። የዱባውን ጂን የተቀበለው ትንባሆ ብርድ ፈሪ ሆነ፤ የአራቢዶፕሲስን የተቀበለው ግን ብርድን ከቀድሞው ይበልጥ ተቋቋመ።

የዚህ ቅባት ታሪክ ከእርሻ እጅግ ይቀድማል። የቅጠል አረንጓዴ ክፍል፣ ማለትም ክሎሮፕላስት፣ ከአንድ ቢሊዮን ዓመት በፊት ራሱን ችሎ በውሃ ይኖር የነበረ ሳይኖባክቴሪያ ዘር ነው። እስከ ዛሬም ሽፋኑ በአብዛኛው የተሠራው ከዚያ ዘር በወረሰው፣ ጋላክቶስ የተባለውን ስኳር በተሸከመ ቅባት ነው። ይህ ስኳር በወተት ውስጥ ካለው ስኳር አንዱ ክፍል መሆኑን ስታውቁ ሳትገረሙ አትቀሩም። ቅባቱ ፎስፎረስ ስለማያስፈልገው ፎስፎረስ ባነሰበት ዐፈር የበቀለ ተክል በሌሎች ሽፋኖቹም ላይ ይተካዋል። ከ470 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ተክሎች ከውሃ ወደ የብስ ሲወጡ በአንድ ቀን ውስጥ ሙቀትንም ብርድንም መቻል ግድ ሆነባቸው። ቅባትን እንደ ወቅቱ መለዋወጥ ለዚህ ኑሮ ከረዷቸው ችሎታዎች አንዱ ነው።

መልመጃ፦ «አመዳይ» እና «ውርጭ» በምንባቡ ውስጥ የተለያየ ነገር ያመለክታሉ፤ ልዩነታቸውን በሁለት ዓረፍተ ነገር አስረዱ። ምክንያትን የሚያመለክቱትን «ከዚህም የተነሣ»፣ «ስለ ሆኑ» እና «በመሆኑ» የሚሉትን ከምንባቡ ፈልጋችሁ አውጡና በየትኛው ምክንያቱ ከውጤቱ እንደሚቀድም ለዩ። በመጨረሻም በአካባቢያችሁ ውርጭ የማይነካው አንድ ማሳና ውርጭ የሚያጠቃው ሌላ ማሳ ምረጡ፤ ስለ አቀማመጣቸውና ስለሚዘራባቸው እህል ባለቤቶቹን ጠይቃችሁ የሰማችሁትን ከአንድ ገጽ ባልበለጠ ገላጭ ድርሰት ጻፉ።